አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት፤ ያላለቀ ጨዋታችንን ስለመጨረስ

ለክቡር ሚስተር ዳርነል ሃሎራን
የስምንቱ ወንዞች የኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ኮሚሽነር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በእጅዎ ሲገባ ሙሉ ጤንነት ላይ እንዲያገኝዎ፣ እንቅልፍዎ የሰላም እንዲሆን፣ በተለይም ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው በሚያመላልስዎ አውሮፕላን ውስጥ ጆሮዎ እንዳይደፈን ከልብ እመኛለሁ። ሊጉን ከአሥር ኮሌጆች ወደ አሥራ ስምንት ያሳደገ ሰው ጆሮው ቢደፈን ጉዳቱ ለእኛ ለታናናሾቹ ነው፤ ቀድሞውንም ድምፃችን በብዙ ድካም ነበር የሚደርስዎ።

እኔ አልደን ፕሮቻስካ እባላለሁ። በዌልደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በወጣትነቴ ለዌልደን ኮሌጅ በፊት መስመር ተሰልፌ የተጫወትሁና ለዚህም ምስክር የሚሆን የማይታጠፍ ጉልበት ያለኝ፣ ዛሬም የጀልባው ደወል ጠባቂ ሆኜ የማገለግል ሰው ነኝ። ያስተማሩኝ መምህር ማስረጃ ያላቀረበ ተማሪ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ዜሮ ይሰጡት ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምደረድረውን ሁሉ ከነማስረጃው አቀርባለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ክቡርነትዎን ለመፈተን እንዳልሆነ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሊጉ በግንቦት ወር ባወጣው አዲስ መርሐ ግብር ውስጥ የዌልደንና የቶርቪክ ጨዋታ የለም። ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ በሦስተኛውም ዓመት የለም። ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሁለቱን ከተሞች በሚለየው በሎን ኤልም ወንዝ ዳር፣ የሁለቱም ከተማ አያቶች አያቶች ሲያደርጉት የነበረው ጨዋታ በአንዲት ገጽ ሰንጠረዥ ቀርቷል። ይህን ያህል ነገር በዚህን ያህል ጥቂት ቀለም ማጥፋት መቻልዎን አደንቃለሁ። ጎርፍ ሁለት ጊዜ ሞክሮት አቅቶት ነበር።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓቱ።

ይህ ጨዋታ ሁልጊዜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይጀመር ነበር። ምክንያቱን ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም፤ ገበሬ ከብቱን አጠጥቶ የሚደርስበት፣ ጨዋታውም አልቆ በብርሃን ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ ብቻ ነው። ባለፈው ኅዳር ግን ሊጉ ለቴሌቪዥኑ ክብር ሲል ጨዋታውን ወደ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አዛወረልን። በኅዳር መጨረሻ በሜዳማ አገር ምሽት ምን እንደሚወርድ የሊጉ ጽሕፈት ቤት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ብርዱ በስክሪን ላይ ያምራል የሚል አማካሪ ስላገኘ ነው። እንደተባለውም በጣም አማረ። በረዶ ያዘለው ዝናብ የኤሌክትሪኩን ሽቦ የክንድ ያህል አወፈረውና ከሦስተኛው ሩብ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሽቦው ተበጠሰ፤ መብራት ጠፋ። ውጤቱ አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ነበር። ኳሱ በቶርቪክ እጅ፣ በእኛ ሜዳ፣ ሠላሳ አንደኛው ያርድ ላይ፣ ከተፈቀደላቸው አራት ሙከራ ሦስተኛው፣ አሥሩን ያርድ ለመሙላት አራት ያርድ ሲቀራቸው። ይህን ዝርዝር እባክዎ አይርሱት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሳኔው።

ሊጉ በማግስቱ ባወጣው ማስታወቂያ ጨዋታው ዋንጫውን የሚወስን ባለመሆኑ እንደገና እንደማይቀጥልና በመዝገብም «እንዳልተካሄደ» እንደሚቆጠር ገለጸ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚያ ምሽት በቦታው ነበርሁ። ጆሮዬ በብርድ ቀልቶ ሁለት ሳምንት ሲላጥ ከርሟል። የቶርቪክ ባንድ የመለከት ነፊ ከንፈሩ ከመለከቱ ጋር ተጣብቆበት በሞቀ ውሃ ነው የላቀቁት። ይህ ሁሉ ባልተካሄደ ጨዋታ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን ስሰማ ባልወለዱት ልጅ የመመረቅ ያህል ተደነቅሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥያቄው።

እዚህ ላይ ለክቡርነትዎ ጥቂት ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብል ማስረጃ የሌለው ድምዳሜ ይሆንብኛል።

ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ወንዙን የምታሻግር ጀልባ ነበረች፤ ደወል ነበራት። ድልድዩ ሲሠራ ጀልባዋ ሥራ ፈታች፤ ደወሉ የማን ነው በሚል ሁለቱ ከተሞች ተጣሉና በፉትቦል እንዲለይላቸው ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ደወሉ ያሸነፈው ከተማ ዘንድ ይከርማል። የተሸነፈው ደግሞ ደወሉ እጁ ላይ ካለ ይዞ፣ ከሌለም ባዶ እጁን፣ በየካቲት ሁለተኛ ቀን በእግሩ ድልድዩን ተሻግሮ በአሸናፊው ጠባቂ ደጃፍ ቆሞ «ዘንድሮም ትጫወቱናላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የአሸናፊው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «የተሻለ ሥራ ካጣን።» ከዚያ በኋላ ሾርባ ይቀርባል። ጨዋታው በየዓመቱ የሚኖረው በዚህ ጥያቄና በዚህ መልስ ነው። የሚጠይቀው ሁልጊዜ የተሸነፈው ነው። ያልተሸነፈ ሰው ጠይቆ አያውቅም፤ መጠየቅ መሸነፍ ነውና።

አሁን የሆነውን ይመልከቱ። ሊጉ ጨዋታውን አልተካሄደም ስላለ የተሸነፈ ሰው ጠፋ። በየካቲት ሁለት እኔ በዚህ ማዶ በመስኮቴ፣ የቶርቪኳ ደወል ጠባቂ በዚያ ማዶ በመስኮቷ፣ ድልድዩን ስናይ ዋልን። አንዲት ድመት ብቻ ተሻገረች። በመጋቢት የሊጉ ጽሕፈት ቤት ለኮሌጆቹ ሁሉ «ከአዲሱ መርሐ ግብር እንዳይወጣ የምትፈልጉት ጨዋታ ካለ ጠይቁ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ነገሩ በዌልደን ቁርስ ቤት ተነሥቶ ነበር። ከድልድዩ ሥር ማሳ ያለው ዱዌን ህሩስካ እንቁላሉን እየቆረሰ የተናገረውን ቃል በቃል ልጥቀስልዎ።

«እኛ እንጠይቅ? ምን ተሸንፈን?»

«ካልጠየቅን ይሰርዙታል እያሉ ነው» አለው አስተናጋጁ።

«ይሰርዟቸው እነሱን። እነሱ ይጠይቁ። ኳሱ የነሱ ነበር፣ አራት ያርድ አቅቷቸው ነው መብራት የጠፋው።»

«መብራት ያጠፉት እነሱ ናቸው ልትል ነው?»

«እኔ አላልሁም። ሽቦው የተበጠሰው በነሱ በኩል ነው ያልሁት።»

በቶርቪክ ቁርስ ቤትም፣ ስሙን ብቻ ለውጠው፣ ይኸንኑ ሲሉ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ኮሌጆች ሳይጠይቁ ቀኑ አለፈ። ሊጉም ሁለቱም ወገኖች ጨዋታውን እንደማይፈልጉት ተረዳ። ክቡር ሆይ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠላሉ ሰዎች አለመጠያየቃቸውን እንደ ግድየለሽነት መቁጠር፣ ባልና ሚስት በአንድ ገበታ ሲበሉ «እንተዋወቃለን?» ስላልተባባሉ አይተዋወቁም ብሎ እንደ መመስከር ያለ ጥልቅ ምርምር ነው።

አራተኛ፤ ስለተመደበልን አዲስ ባላንጣ።

ሊጉ ያለ ባላንጣ እንዳያስቀረን አስቦ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለውን የሳንታ ኢላሪያ ዩኒቨርሲቲን «ታሪካዊ ተቀናቃኝ» አድርጎ ሾሞልናል። ከዚህ እስከዚያ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ማይል በላይ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ ነው። የመስታወት ዋንጫም ተሠርቶልናል፤ ስሙ የአንድ የጥርስ ሳሙና ስም ነው። በቅን ልቡና ልንጠላቸው ሞከርን፤ አልሆነልንም። አሠልጣኛቸው አንድ ሳጥን ብርቱካን ላከልን፤ ጣፋጭ ነበር። ተማሪዎቻቸው «ስለ እኛ የማትወዱት ምን ቢኖር ደስ ይላችኋል?» የሚል በጣም ትሑት ጥያቄ ጽፈውልናል። እነርሱም አላስቀየሙንም፤ እኛም አላስቀየምናቸውም። ጥላቻ እንደ ወይን ጠጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በፋብሪካ ፈጥኖ አይፈላም።

የቶርቪክን ሰው ግን የምጠላው በአካል አውቄው ነው። ልጄን ለልጁ ድሬ፣ ሚስቴን ከእርሱ ወገን አግብቼ፣ በጎርፉ ዘመን በጣሪያዬ ላይ ተቀምጬ በጀልባው ሲያነሣኝ «ዌልደን ስንት ለስንት ወጣች?» ብሎ ሲሳለቅብኝ ቆይቼ ነው። ባለቤቴ ቨርና የቶርቪክ ልጅ ነበረች። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ያንን ቅዳሜ እርሷ በነሱ በኩል፣ እኔ በእኛ በኩል ተቀምጠን ነው ያሳለፍነው፤ በመኪናችን አብረን ሄደን፣ በመኪናችን ሳንነጋገር ተመልሰን። ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ኅዳር በነሱ በኩል ባለው መቀመጫዋ ላይ እህቷ ሊዮታ የቨርናን ብርድ ልብስ አንጥፋበት ከማዶ አየሁ። ይህን የምነግርዎ ልብዎን ለማራራት አይደለም፤ የአንድ ጨዋታ መሠረዝ ከሰንጠረዥ ላይ አንድ ሳጥን ከማጥፋት የበለጠ ምን እንደሆነ ማስረጃ ለማቅረብ ነው። ያ ብርድ ልብስ የሚነጠፍበት ሌላ ቀን የለውም።

አምስተኛ፤ ስለ ሒሳቡ።

የሊጉ መግለጫ፣ አሥራ ስምንት ኮሌጆች እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ጨዋታ ሲያደርጉ የቆዩ ባላንጣዎችን ሁሉ መጠበቅ እንዳልተቻለ፣ ኮምፒውተሩ ከአራት ሚሊዮን በላይ አማራጭ እንደሞከረ ይናገራል። ኮምፒውተሩ በመድከሙ አዝናለሁ። እኔ እሑድ ዕለት ስብከቱ ስለረዘመብኝ በመዝሙር ወረቀት ጀርባ ሞከርሁት። እያንዳንዱ ኮሌጅ አሥራ ሰባት ተጋጣሚ አለው። አንዱን ቋሚ ባላንጣው አድርገን ብንለይ አሥራ ስድስት ይቀራሉ። አሥራ ስድስት ለሁለት ሲካፈል ስምንት ነው። ዘንድሮ ከባላንጣው ጋር አንድ፣ ከስምንቱ ጋር ስምንት፤ ከርሞ ከባላንጣው ጋር አንድ፣ ከቀሩት ስምንት ጋር ስምንት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል፤ ማንም ባላንጣውን አያጣም። ሲደመር በየዓመቱ ዘጠኝ ነው፤ ሊጉ ራሱ የፈቀደው ቁጥር። ስብከቱ ገና አላለቀም ነበር።

ስለዚህ አልተቻለም የተባለው ነገር የሚቻል መሆኑ ተረጋግጧል። አልተፈለገም ቢባል ግን ማስረጃው ከእርስዎ ዘንድ ስለሆነ መከራከር አልችልም።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ከመቶ የአቤቱታ ደብዳቤዎች እንደ አንዱ ሆኖ ከመሳቢያዎ ይገባ ነበር። እኔ ግን የጻፍሁት ለመለመን አይደለም። የተደረገውን ለማሳወቅና የሚደረገውን ለማስታወቅ ነው።

መርሐ ግብሩ በወጣ በሳምንቱ፣ ደወሉን ከበረንዳዬ አውርጄ በአትክልት መግፊያ ጋሪ ላይ ጫንሁት። ካቻምና ያሸነፍነው እኛ ስለነበርን ደወሉ በእኔ ዘንድ ነበር። ጎረቤቶቼ በመስኮት እያዩኝ፣ ዱዌን ህሩስካ ትራክተሩን አቁሞ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ድልድዩን ተሻገርሁ። የተሻገርሁት ሳልሸነፍ ነው። በዌልደን ታሪክ ይህን ያደረገ ሰው የለም፤ እንዳይኖርም እመኝ ነበር።

የቶርቪክ ደወል ጠባቂ የዋርሳዬ የሊዮታ ሊንድግሬን ቤት ከድልድዩ ማዶ ሦስተኛው ነው። ሊዮታ በቶርቪክ ፖስታ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ ቴምብር እንደጎደለው የምታውቅ ሴት ናት። በሩን ከፈተች፤ ጋሪውን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

«መቼ ተሸነፋችሁ?» አለችኝ።

«አልተሸነፍንም።»

«ታዲያ ይሄን ምን ልትሠራበት ነው ስትገፋ የመጣኸው?»

«የተሸነፈ ሰው ጠፋ ተብሎ ጨዋታው ከሚቀር፣ የተሸነፍሁት እኔ ልሁን ብዬ ነው።»

«አንተ» አለች፤ «አንተ አልደን። በዚህ አፍህ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ይቺን ቃል ካንተ ስትጠብቅ ሞተች። አሁን እኔ ደጅ መጥተህ ትላታለህ?»

«እንግዲህ ብያለሁ። ዘንድሮም ትጫወቱናላችሁ?»

የልማዱን መልስ ጠበቅሁ። ጋሪውን በእግሯ ወደኋላ ገፋ አደረገችው።

«ያልተሸነፈ ሰው ደወል ቤቴ አይገባም። ነገ ቶርቪክ ሰው ፊት ምን ልበል? አማቼ አዘነልኝ ልበል? መልሰህ ውሰደው።»

«ሊዮታ፣ ሌላ መንገድ የለም እኮ። ሊጉ አዲስ ጨዋታ አይፈቅድም።»

«ኳሱ የማን ነበር?»

«የእናንተ።»

«ስንተኛ ሙከራ?»

«ሦስተኛ። አራት ያርድ ቀርቷችሁ።»

«ታዲያ አዲስ ጨዋታ ማን አለህ? እኔ ያላለቀ ጨዋታ አለኝ። አስተማሪ ነኝ ትላለህ፣ ያላለቀ ነገር አታውቅም? ግባ፣ ጫማህን ጥረግ፣ ሾርባ አለ።»

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ማስረጃ አይቻለሁ፤ እንደዚህ አጭርና ቀዳዳ የሌለው ግን ጥቂት ነው። ሾርባውን ጠጥቼ ደወሉን እየገፋሁ ተመለስሁ። መመለሻው ዳገት ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አስታውቃለሁ። ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ ዌልደንና ቶርቪክ ያላለቀውን ጨዋታቸውን ይጨርሳሉ። አዲስ ጨዋታ አይጀመርም፤ በሊጉ ሕግ የተከለከለው አዲስ ጨዋታ ነው። ውጤቱ አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት፣ ሦስተኛው ሩብ፣ ስድስት ደቂቃ የቀረው፣ ኳሱ በእኛ ሠላሳ አንደኛው ያርድ ላይ፣ ሦስተኛ ሙከራ፣ አራት ያርድ። ከዚያው እንቀጥላለን።

ማን ይጫወታል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በዚያ ምሽት ሜዳ ላይ ከነበሩት መካከል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የነበሩት ሁሉ በግንቦት ተመርቀዋል። ከሁለቱም ወገን ለአንድ ለአንድ ቡድን ይበቃሉ፤ ቆጥረናል። አሁን አንዱ የእህል መኪና ይነዳል፣ አንዱ ሕፃናት ያስተምራል፣ የቶርቪክ ኳስ መቺ በኦማሃ ሆስፒታል ነርስ ሆኗል። ሁሉም ጨዋታቸው በመካከል ተቆርጦ የቀረባቸው ናቸው፤ ሁሉም እንመጣለን ብለዋል፤ ሌላ ኅዳር አልነበራቸውምና። የሊጉ ሥልጣን በተማሪዎች ላይ ነው። እነዚህ ተማሪዎች አይደሉም። ዲፕሎማቸውን አይቻለሁ፤ ማኅተም አለው።

የሊጉ የሕግ ክፍል ወሬውን ሰምቶ በሐምሌ ወር ለሁለቱ ኮሌጆች ማስጠንቀቂያ መላኩን አውቃለሁ። የኮሌጆቹ ስም፣ ቀለም፣ ምልክትና ስታዲየም ከሊጉ ፈቃድ ውጪ እንዳይነካ ይላል። ማስጠንቀቂያውን በአክብሮት ተቀብለነዋል። ስለዚህ ስታዲየሙን አንነካም፤ ዱዌን ህሩስካ ከድልድዩ ሥር ያለውን የሣር ማሳውን አጭዶ ያርዶቹን በኖራ ያሰምርልናል። ስሙንም አንጽፍም፤ ልጆቹ ያለ ጽሑፍ በነጭና በግራጫ ሸሚዝ ይገባሉ። ማን ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በእነዚህ ሁለት ከተሞች ውስጥ የለም፤ የማያውቅ ካለም ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የመጣ ነውና ሾርባ ሰጥተን እንነግረዋለን። ባንዱ የሁለቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። ባለፈው ኅዳር ከንፈሩ የተጣበቀው ልጅ ታናሽ ወንድም መለከት ይነፋል፤ በቀን ብርሃን ስለሆነ እናቱ ፈቅዳለታለች።

በማሳው በሰሜን በኩል የቶርቪክ ሰው በጭነት መኪናዎቹ ላይ ይቀመጣል። በደቡብ በኩል እኛ። ሊዮታ ብርድ ልብሱን ይዛ ትመጣለች፤ የምትቀመጥበትን ስፍራ አስቀድሜ ከማዶ ለይቼዋለሁ። በመጨረሻ አንዱ ይሸነፋል። የተሸነፈውም በየካቲት ሁለት ድልድዩን ተሻግሮ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው የለመደውን ይመልሳል። እኛ ብንሸነፍ የምሻገረው እኔ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተሻገርሁበት ምክንያት ይኖረኛል። ሊጉ «ማንም አልጠየቀም» ያለው ነገር በዚህ ይታረማል።

የሊጉን ፈቃድ አልጠየቅሁም። ምክንያቱን ከዚህ በላይ አስረድቻለሁ፤ በአገራችን የሚጠይቀው የተሸነፈው ነው።

በመጨረሻም ሊጉ ለሁለቱ ከተሞች ስላደረገው ውለታ የሁለቱንም ምስጋና ላቀርብ ይገባኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ዌልደንና ቶርቪክ በአንድ ነገር ላይ ተስማምተው አያውቁም ነበር፤ በድልድዩ ቀለም እንኳ ስላልተስማሙ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ግራጫ ነው። ክቡርነትዎ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አስማምተዋቸዋል። ዱዌን ህሩስካ ማሳውን ያለ ኪራይ መስጠቱን የሰማ የቶርቪክ ገበሬ ማጨጃ ማሽኑን ልኮለታል፤ ዱዌንም «ስለቱ ደንዟል» ብሎ ተሳድቦ ተቀብሎታል። ይህን ያህል ፍቅር በመካከላችን አይተን አናውቅም፤ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ክቡርነትዎ በማናቸውም ውቅያኖስ ዳር ቢሆኑ ደኅንነት እንዳይለይዎ፣ ሰንጠረዥዎ ከንፋስ እንዲጠበቅ፣ ሊጉም ከአሥራ ስምንት ወደ ሠላሳ ስድስት ባደገ ጊዜ «ስምንቱ ወንዞች» የተባለበትን ምክንያት የሚያስታውስ አንድ ሰው በጽሕፈት ቤትዎ እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ በማይታጠፍ ጉልበቴ የቻልሁትን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ያልተሸነፈ አክባሪዎ፣
አልደን ፕሮቻስካ
የጀልባው ደወል ጠባቂ፣ እስከ ኅዳር ድረስ
ዌልደን፣ ከወንዙ በዚህ ማዶ

ተጨማሪ፦ ጨዋታውን ቴሌቪዥን ሰምቶ ሊመጣ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ሊጉ ጨዋታችንን ወደ መርሐ ግብሩ ለመመለስ እንደሚያስብ ወዳጆቼ ይነግሩኛል። እንዲያ ከሆነ ሥርዓቱ ለማንም አይለወጥም። በየካቲት ሁለት መኪናዎን ከድልድዩ ወዲያ አቁመው፣ በእግርዎ ተሻግረው፣ ደጃፌ ላይ ቆመው ይጠይቁ። ከሊዮታ ጋር ተማክረን መልሱን ከአሁኑ አዘጋጅተንልዎታል፤ የተሻለ ሥራ ካጣን።